ሽታ ያጣው አፈር

የኢንስፔክተር ረይሃና ስም ሲነሳ ከጅማ እስከ ሰርቦ ያለ ሌባ ሁሉ እጁን ኪሱ ይከታል። ያን ጠዋት የተጠራችው ወደ ሰቃ ነው፤ ሸኩር የሚባል ገበሬ ቡና ማሳው ውስጥ መሬት ዋጠው ተብሎ። ጉድጓዱ ሲወራለት ጅማን ከነገበያዋ ይጎርሳል፤ ሲለካ የሁለት ሰው ቁመት ነበር።

ከማሳው ሥር የድንጋይ ከሰል ዋሻ ያልፋል። ዋሻው በተቆፈረ በሁለት ዓመቱ መሬቱ ሰመጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ውሃው ወደ ታች ሸሸ፣ ቡናው ቆሞ ደረቀ። መንደርተኛው የዋሻውን አለቃ ሶሬሳን ከቦ «ገዳይ» ይለዋል።

ረይሃና በመሰላል ወደ ጉድጓዱ ግራጫ ጭቃ ወረደች። ሸኩር ማጅራቱ ተፈንክቷል። በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ፊቱ ከአፈር ተጠርጓል። አጠገቡ አፈር የተሞላ ፌስታል አለ።

«ጅማ ላብራቶሪ ሊወስደው ነበር» አለች ሚስቱ ማሂራ። «አፈሩ መሞቱ በወረቀት ከተረጋገጠ ምትክ መሬት ይሰጡናል ብሎ። አሁን ልጆቼ ምን ይብሉ?»

ታናሽ ወንድሙ አብራር ጣልቃ ገባ። «አልሞተም። አባታችን አሽትቶ የተከለበት አፈር ነው፤ ዝናብ ነው ያጣው።»

«ወርደህ ነበር?» አለችው ረይሃና።

«ከላይ ነው ያየሁት።»

እዚያ አገር ሽንኩርት ሻጭ እንኳ ወላሂ ሳይል አይውልም፤ አብራር ግን አልማለም።

ረይሃና ሁሉንም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሰበሰበች።

«መሬት ሲውጥ ይጥላል እንጂ አያስተኛም። ይህን ሰው በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ወደ ቂብላ ያዞረው ሰው ነው። ሶሬሳ፣ ቂብላ በየት ነው?»

ሶሬሳ ማተቡን እየነካካ ወደ ፀሐይ መውጫ ጠቆመ።

«ያውላችሁ፤ መካ ከዚህ በሰሜን ነው፣ እሱ አያውቀውም። ማሂራም አይደለችም፤ በደንባችን መቃብር ወርዶ ሬሳ የሚያሳርፍ ወንድ ነው። የላዩ አፈር ቀይ ነው፤ ግራጫው ጭቃ ያለው ታች ብቻ። አብራር፣ ጉልበትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አብራር ቁጭ አለ።

«ፌስታሉን ልቀማው ነበር። ወረቀቱ ከመጣ ያስነሱናል፤ አባዬ ደግሞ እዚሁ ነው የተቀበረው። አፋፉ ላይ ስንጓተት ገፋሁት፤ ታች ማጅራቱን ድንጋይ አገኘው። ኦቦሌሳ ኮ... ወንድሜን እንደወደቀ ጥዬው መሄድ አቃተኝ።»

ረይሃና ፌስታሉን ፈትታ መዳፉ ላይ አንድ እፍኝ አፈር አደረገችለት። አብራር ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ደጋግሞ አሸተተው።

«ምን ይሸታል?» አለችው ማሂራ።

«ምንም።»

እጆቹን ለካቴና ሲዘረጋ አፈሩ በጣቶቹ መሃል እንደ አመድ ፈሰሰ።