ከሩሐማ አጠገብ የቆመው

«መስታወቱን ምን መታው?»

«ድንጋይ።»

«ማን ወረወረው?»

«ኧረ ማንም አልወረወረውም እህቴ! ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና ጎማ ነው ያስፈነጠረው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያሉ ዓይኖች አይቼ አላውቅም። እኔን እያዩ ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሳላስበው ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ዋቅሹማ እባላለሁ። የባምባሲ ልጅ ነኝ፤ አሶሳ ውስጥ በራሴ ፒክአፕ የመስክ ሠራተኞችን አመላልሳለሁ። እሷ ደግሞ ሩሐማ ትባላለች፣ የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ። የመኪናዬ የፊት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር የሄድኩባት።

«ኦርጅናል ነው የምፈልገው» አልኳት።

«ቅርንጫፉ የሚያስገጥመው ገበያ ላይ ያለውን ነው። ውልዎ ግን ‹በተመሳሳይ ዓይነትና ጥራት› ይላል። ካልተስማማዎት ቅሬታ ያስገቡ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።»

ፈረምኩና ወጣሁ። አዲሱ መስታወት በማግስቱ ተገጠመልኝ።

ሐምሌ ነበር። ከባምባሲ ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ከፊቴ አራት ሴቶች በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። ሁለቱ ጥርት ብለው ይታያሉ። ሁለቱ ግን ገርጥተዋል፤ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። ስደርስባቸው ሁለት ብቻ ሆኑ።

 «ደክሞኝ ነው» አልኩ ለራሴ።

ከተማ ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሩሐማ ነጭ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ቢሮዋ በር ላይ ባጃጅ ትጠብቃለች። ከአጠገቧ የገረጣ ሰው ቆሟል። እሷ ወደ ቀኝ ዞረች። እሱ አልዞረም!

መኪናውን አቁሜ ወረድኩ። ብቻዋን ነበረች።

«ከማን ጋር ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«ከአጠገብዎ ሰው ቆሞ አየሁ...»

ፊቷ አመድ መሰለ። የመጣው ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ባለትዳር ብትሆንስ? ሰው አየሁ ስላት ስሟን የማጠፋባት መስሏት ይሆን? ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ፣ ነገሩ የሚታየኝ በአዲሱ መስታወት ሳይ ብቻ ስለሆነም እንዲቀየር ቅሬታ ላስገባ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ሳታነበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ትናንት ያዩት ሰው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ወላጆቿ በልጅነቷ አርፈዋል። ድባጤ ውስጥ ቦዔዝ የሚባል እጮኛ ነበራት፤ መምህር ነበር። የዛሬ አራት ዓመት በግጭቱ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ጊዜ እናቱንና እሷን መኪና ላይ አሳፍሮ፣ «እናንተ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አላቸው። አልደረሰባቸውም። አስከሬኑም አልተገኘም። እናቱ እማማ ብሪቱ አሁን ባምባሲ ዘመድ ቤት ናቸው። ሩሐማ በየወሩ ትጠይቃቸዋለች። ሁለቱ ሲገናኙ «ቦዔዝ ሲመጣ» እያሉ ነው የሚያወሩት።

«ረጅም ነበር?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያየሁት እንደ ጭስ የሳሳ ነገር ነው። ግን ዓይኖቿን አየሁ።

«አዎ... ረጅም ነው።»

«ሹራብ ለብሷል?»

«ለብሷል።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም በዚያች ደቂቃ ውሸት ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ላይ ትቆማለች። እኔ ከአደባባዩ ጀምሬ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ስደርስ ጋቢና ገብታ ከጎኔ ትቀመጥና ትጠይቀኛለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ፈገግ ብሏል።»

«ከሳ?»

«አልከሳም።»

«ተመስገን!»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገርነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስትስቅ ማየት ጀመርኩ። ከቤቷ በር ላይ ሳወርዳት «በሰላም እደር» ትለኛለች፤ ያቺን ቃል ይዤ ነው የማድረው። ወድጃታለሁ። ግን የማዋራት በጠፋ ሰው ስም ነበር። ይባስ ብሎ በዚያ መስታወት ውስጥ ያ የገረጣ ነገር በየቀኑ እየጠራ የሚሄድ መሰለኝ። የሌላው ሰው ሁሉ ጥላ ከባለቤቱ ጋር ይራመዳል። የእሷ ግን ባለበት ቆሞ ያያታል።

አንድ ቀን ገበያው አጠገብ፣ ማንጎ የተሸከመች ሴት ድንገት ለሁለት ተከፍላ ታየችኝ። ከአንደኛዋ ሸሽቼ መሪዬን አጠፍኩ። የሸሸኋት ጥላዋን ነበር! ወደ እውነተኛዋ ሴት ነው የነዳሁት። ፍሬን ስይዝ በመኪናውና በእሷ መካከል አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶ ነበር። ማንጎው መሬት ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ ደረቷን ይዛ ቆማ ቀረች። ወርጄ ማንጎዋን ለቀምኩላት።

በቀጥታ ማህጁብ ጋራዥ ሄድኩ። ማህጁብ የአሶሳ ተወላጅ ነው፤ ስለ መኪና መስታወት የማያውቀው ነገር የለም። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ በመስታወቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየና ሳቀ።

«ወላሂ ጂን አይደለም! የፊት መስታወት ሁለት ነው፣ አንድ ላይ ይጣበቃል። ይሄ ሲጣበቅ ጠመመ። አንድ ሰው ሁለት ያሳያል። ይቀየር፣ ሰው ትገድላለህ!»

«ኦርጅናሉን ጠይቄያለሁ። ደብዳቤው ከተላከ ሦስት ሳምንቱ ነው።»

«ሦስት ሳምንት? ከአንተ በኋላ የጠየቀ ሰውዬ አለ፣ የሱ መጣ፣ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ያንተ የት ሄደ?»

የት እንደሄደ ገባኝ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ሄድኩባት።

«ደብዳቤውን አልላክሽውም።»

 ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የእኔው ደብዳቤ ነበር።

«መስታወቱ ከተቀየረ ቦዔዝን ማን ያሳየኛል?»

«ዛሬ ሰው ልገድል ነበር፣ ሩሐማ!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። እዚያ ላይ ባቆም ጥፋቱ የእሷ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን አልቻልኩም።

«እኔም በደለኛ ነኝ። ፊቱን አይቼ አላውቅም። ሹራቡንም፣ ፈገግታውንም... ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«በማግስቱ እንድትመጪልኝ።»

 ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችና መንገዱን ይዛ ወደ ላይ ሄደች።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በመስታወቱ ስመለከት እሷ እየራቀች ነው። ያ የገረጣው ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ባለቤት የሌለው ጥላ! ማህጁብ የነገረኝን ለራሴ ደገምኩለት... መስታወት ነው፣ ጠማማ መስታወት ነው። ያን ጊዜ ያ ነገር ቀስ ብሎ ዞረ። ጀርባውን ለሩሐማ ሰጥቶ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል መራመድ ጀመረ። ዘልዬ ወረድኩ። መንገዱ ባዶ ነበር። ነፋስ እንኳ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዬን አቆምኩ። ሥራም አልሄድኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፤ ሩሐማ ነበረች።

«መስታወትዎ ደርሷል። ማህጁብ ጋራዥ ይቅረቡ።»

‹መስታወትዎ› አለችኝ! ያቺ ‹ዎ› ልቤን ወጋችው።

ስደርስ እሷም ለርክክቡ መጥታለች። መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን የመኪናውን ፋብሪካ ማህተም ከወረቀቱ ጋር አመሳክራ ፈረመች። ማህጁብ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ገጠመ። ማጣበቂያው ሲደርቅ ጋቢና ገባሁና ወደ ውጭ አየሁ። ሩሐማ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አንድ ሩሐማ። ከአጠገቧ ማንም የለም።

ወደ መስኮቴ መጣች።

«እሑድ ባምባሲ ትወስደኛለህ?»

‹ትወስደኛለህ› ነው ያለችኝ። «እወስድሻለሁ» አልኩ።

እሑድ እማማ ብሪቱ ደጃፋቸው ላይ በርበሬ እየለቀሙ አገኘናቸው። ሩሐማ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እማማ... ቦዔዝ አይመጣም።»

አሮጊቷ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ያውቃሉ?»

«ካወቅኩ ቆየሁ። አንቺ ‹ሲመጣ› እያልሽ ስትገቢ በምን አፌ ልንገርሽ?»

«እኔኮ ለእርስዎ ብዬ ነበር!»

«እኔም ላንቺ ብዬ...»

ተቃቀፉ። አራት ዓመት የታመቀው ልቅሶ ወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። የቦዔዝን እርም ያን ቀን አወጡ። እኔ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

ሰው ከሄደ በኋላ እማማ ብሪቱ ጠሩኝ። ሩሐማ ሁሉንም ነግራቸዋለች።

«አየሁት ያልከው አንተ ነህ?»

«ዋሽቻለሁ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሁሉንም ዋሸህ?»

ለማንም ያልነገርኩትን የዚያን የመጨረሻ ምሽት ነገርኳቸው። ጥላው ብቻውን መቅረቱን፣ መዞሩን፣ መሄዱን።

«ወዴት ሄደ?»

በእጄ አሳየኋቸው። እጄ የጠቆመበትን አቅጣጫ ለብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«የድባጤው ቤታችን በዚያ በኩል ነው» አሉ።

 ፊታቸውም ፈታ አለ።

ስንመለስ መንገዱን ስናጋምስ ሩሐማ ጠራችኝ።

«ዋቅሹማ።»

«አቤት።»

«ነገ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ላይ ነኝ።»

«ማንን ላይልሽ?»

«እኔን እየኝ።»

በጥር ሽማግሌ ላክሁ። ሩሐማ «እናቴ እሳቸው ናቸው» ስላለች፣ ሽማግሌዎቹ የሄዱት እማማ ብሪቱ ዘንድ ነው። አዛውንቶቹ ልጃቸው የጠፋባቸውን እናት ምን ብለን እንጠይቅ ብለው ደጃፋቸው ላይ ተሳቀው ቆሙ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና፣ ገና ምንም ሳይባሉ፦

«ግቡ» አሉ፤ «ልጄን ለመዳር ተዘጋጅቻለሁ።»