ጀርባውን ወደ ግድግዳ

አትላሱ የለም።

ትናንት ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ የነበረው፣ ጎልማሳ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ የሚያነሳው ትልቁ የካርታ መጽሐፍ ከነመጠቅለያ ጨርቁ ጠፍቷል።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የማመሳከሪያ ክፍል ባለሙያ እጇን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ቆመች። ቀን ሲመርጥ ደግሞ! ዛሬ ከሰዓት የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ክፍሏ ይዘጋ አይዘጋ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። “ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን መጽሐፍ ፈላጊ ምን ያደርጋል?” የሚለው የምክትል ፕሬዚዳንቱ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ወድቆ አሁን ሦስተኛው ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት።

ለስርቆቱ የተጠራው መርማሪ ወጣት ነው። ሲገባ ጀምሮ ይቸኩላል።

“መጨረሻ የያዘው ማነው?”

“የጂኦግራፊ ተማሪ። የመመረቂያ ጽሑፉን ይሠራበት ነበር።”

“አለቀ በሉኛ።”

“ምኑ ነው ያለቀው ልጄ? ገና መች ተጀመረ።”

ተማሪው ተጠርቶ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

“የት ወሰድከው?” አለ መርማሪው።

“ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። አንባቢ በራሱ እጅ አይመልስም፣ ቦታ ይሳሳታል ይሉናል እሳቸው።”

“እውነቱን ነው፤ የክፍሉ ደንብ ነው” አለች።

“እትዬ፣ ለሌባ ጠበቃ ቆሙ እንዴ? ይሄ ልጅ ዛሬውኑ ከትምህርቱ ሊባረር ነው፣ ወረቀቱ ተጽፏል።”

ደሟ ፈላ። “ልጁን ስናሳድድ መጽሐፉን እንዳናጣው ነው የምፈራው። ና፣ ዘበኛውን ጠይቀው።”

ዘበኛው ጥያቄው ራሱ ስድብ ሆነበት። “በኔ በር? እንኳን ያን የሚያህል ነገር ብጫቂ ወረቀት አያልፍም!”

“እመኑት” አለች ባለሙያዋ። “የኔን ምሳ ዕቃ እንኳ በየቀኑ ያስከፍተኛል።”

ይሄን ስትል ልቧ ዘለለ። በበሩ ካልወጣ አትላሱ እዚሁ ነው! ብዙ ሰው ሥራዋ መጽሐፍ ማቀበል ይመስለዋል። ሥራዋ ግን መፈለግ ነው፤ ሲፈልጉ ደግሞ መጀመሪያ የሚታሰበው ዕቃው የት ሊያርፍ እንደሚችል ነው። ያን የሚያህል መጽሐፍ ከቆመ በክብደቱ ጥራዙ ይቀደዳል፣ መተኛት አለበት። በቤተ መጻሕፍቱ የሚያስተኛው ሰፊ መደርደሪያ ያለው እዚህ ክፍልና ምድር ቤት ብቻ ነው።

የምድር ቤቱን ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። መርማሪው እያስነጠሰ ተከተላት። የድሮ ጋዜጣ ጥራዞችን አንድ ባንድ አነሳች። ከታች የጨርቁ ጫፍና የአትላሱ ገጾች ጠርዝ ብቅ አሉ።

መርማሪው እጁን ሲሰድ ያዘችው።

“እንዳትነካው። ጀርባውን እይ።”

“ጀርባው መች ይታያል?”

“እሱን ነው የምልህ።”

የመጽሐፍ ስም የሚጻፈው ጀርባው ላይ፣ ገጾቹ በተሰፉበት ጠባብ ጎን ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም ሠራተኛ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ ያስቀምጣል። የድሮው የክፍሉ ኃላፊ ግን ከፀሐይ ጋር ጠብ ነበራቸው፣ “አባ ጥላ” እስኪባሉ ድረስ። በማመሳከሪያ ክፍሉ መስኮት የሚገባው ብርሃን የስሙን ወርቅ ቀለም እንዳያጠፋው ትልልቁን መጽሐፍ ሁሉ ጀርባውን ወደ ግድግዳ ያስተኙ ነበር። መስኮቱ ተደፈነ፣ እሳቸውም አረፉ፣ ደንቡም ተረሳ።

“ከሳቸው እጅ ከተማርነው እዚህ ግቢ የቀረነው ሁለት ነን” አለች። “አንዷ እኔ ነኝ።”

“ሌላውስ?”

“ያኔ አብሮኝ መጽሐፍ ይደረድር ነበር። ዛሬ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው።”

መርማሪው አፍ አፏን አየ። “በዚህ ብቻ ሰውዬውን አልይዝም፣ እትዬ።”

“አትያዘው። ፎቶውን አንሳና ጉባኤው ላይ ቁጭ ብለህ እይ።”

ከሰዓት የጉባኤው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ምክትሉ ንግግሩን ሊጀምር ከግድግዳው ሥር ካለው ዝቅተኛ መደርደሪያ አጠገብ ቆሟል። ባለሙያዋ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ታቅፋ ገባች።

“ክቡርነትዎ፣ አንዴ ያሳርፉልኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ።”

ሰው ፊት ነውና ፈገግ ብሎ ተቀበላት። ጎንበስ ብሎ አስተኛው። ጀርባውን ወደ ግድግዳ። ከዚያም ጠርዙን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አስተካከለው፣ ልክ እንደ አባ ጥላ።

መርማሪው ብድግ አለ። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ለጉባኤው ሰብሳቢ እያሳየ፣ “የጠፋውም ምድር ቤት እንዲህ ተኝቶ ነው የተገኘው” አለ። ባለሙያዋ ነገሩን አስረዳች።

ምክትሉ ሳቀ። “በመጽሐፍ አቀማመጥ ሰው ይከሰሳል?”

“አይከሰስም” አለ መርማሪው። “ትናንት የምድር ቤቱን ቁልፍ ማን ወሰደ?”

“እሳቸው ናቸዋ” አለ መጽሐፉን ተከትሎ የመጣው ዘበኛ ከበሩ። “ቧንቧ ሊያዩ።”

“ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?”

“የጠየቅከኝ ስለ በሩ ነው።”

ምክትሉ ቁጭ አለ። ላቡን ጠረገ።

“ሐሳቤን ሁለት ጊዜ ጣላችሁብኝ” አለ ቀስ ብሎ። “ወጪ ቀነሰ ተብዬ ለፕሬዚዳንትነት ልታጭ ነበር። ክፍሉ የማይረባ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ቅሌት ፈለግኩ። ድምፁ ከተሰጠ በኋላ እመልሰው ነበር።”

“ልጁስ?” አለች ባለሙያዋ። ክቡርነቱን ተወችውና እንደ ድሮው ጠራችው። “ስማ አንተ፣ ቀዳደህ ልትጥለው ትችል ነበር። ለምን አስተኛኸው?”

“እጄ እምቢ አለኝ።”

አሳዘናት፤ እንዲያም ሆኖ ይቅርታ ከአፏ አልወጣም።

ሰብሳቢዋ ወረቀቷን ገለጠች። “ክፍሉ ይዘጋ የሚል እጅ ያውጣ።”

አንድም እጅ አልወጣም።

አመሻሹ ላይ ተማሪው አትላሱን ታቅፎ ወደ ክፍሉ አመጣው። ደንቡን ያውቃልና መደርደሪያው ፊት ቆሞ ጠበቃት።

“ዛሬ አንተ አስቀምጠው” አለችው።

“ጀርባውን በየት በኩል ላድርገው?”

“ወደ ሰው። ስሙ ይታይ። መስኮቱ ከተደፈነ ቆይቷል።”