የወፍጮ ቤቱ ሠርግ መዝጊያ

አስካለ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከምሳ በኋላ በቲያትር ቤቱ የጎን በር ገብታ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠችና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አዳራሹ የረጠበ ምንጣፍና ያረጀ የከፋይ መጋረጃ ይሸታል፤ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን መድረኩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ባሏ ካረፈ ወዲህ ምሳ በላሽ ወይ የሚላት የለም። ብቸኝነቱ አንገብግቧታል፤ የቲያትር ቤቱ ሰዎች የ«ወፍጮ ቤቱ ሠርግ»ን ታሪክ ጻፊልን ሲሏት ሳታቅማማ እሺ ያለችውም ለዚህ ነው።

«የወፍጮ ቤቱ ሠርግ» በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስን አስቆ የተረሳ ቀልደኛ ኦፔራ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የቀረበው አንድ ክረምት ብቻ ሲሆን፣ አስካለ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። መዝጊያው ላይ ሰባቱ ተዋንያን በየተራ አንዳንድ ስንኝ ይዘፍናሉ፤ የጨረሰው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ፣ እዚያው ሆኖ አዝማቹን ይቀበላል። ሰባተኛዋ እሷ ነበረች።

ዛሬ የባልደረቦቿን የሞት ዘመን ስትሞላ እጇ ቆመ። ሞት ተራ አያውቅም ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። እነዚህ ግን ከአንደኛው እስከ አምስተኛው የሄዱት በዘፈኑበት ተራ ነው። ከፓሪስ የተላከላትን የመጀመሪያዎቹን ዘፋኞች ዝርዝር ገለጠች፤ ሰባቱም የሞቱት እንደዚያው በተራቸው ነው።

አጋጣሚ ነው ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣላትም። ስድስተኛው ዘሪሁን ቢሾፍቱ ከልጁ ጋር ይኖራል። ደወለች፤ ልጅቷ አነሳች፤ ድምፅዋ ሰልሏል።

«እትዬ አስካለ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለቻት። «እየዘፈነ ነበር። ሲጨርስ፣ ‹አስካለን እንጠብቅሻለን በያት› አለኝ።»

እግዚአብሔር ያጥናሽ ብላ ስልኩን ዘጋች። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ የወለሉ እንጨት ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶም ብዙ ሰው አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉር ያለ ድምፅ ተነሳ፤ እየቀረበ ሲመጣ አዝማቹ መሆኑን ለየችው። ስድስት ናቸው። አንደኛው እንደ አዲስ ገብ ከሌሎቹ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አሉ፤ የእሷ ስንኝ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፈራች፤ በጣም ፈራች። ዘሪሁን የሄደው ዘፍኖ ነው፤ አፏን ካልከፈተች ትተርፋለች። ቦርሳዋን አንስታ እየተደናበረች በሩ ጋ ደረሰች። ውጭ ፀሐይ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ሰዉ ዞር ብሎም ሳያያት ያልፋል። ከኋላዋ አዝማቹ እንደገና ተጀመረ፤ እንደገናም ቆሞ ጠበቃት።

በሩን ከውስጥ ዘጋችና ጉሮሮዋን ጠረገች።