የወረደው ወንበር

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ አይደለም። ያየሁት ስለሆነ ብቻ ነው።

ጨለማ ነበር ብላችሁም አታስቡ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በዩኒቨርሲቲው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ ምረቃው አንድ ቀን ሲቀረው።

የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ እኔ ነኝ።

አስቀድሜ ስለ ወንበሮቹ ልንገራችሁ። መቀመጫቸው የሚሠራው በሞላ፣ በተጠቀለለ የብረት ሽቦ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ይወርዳል፤ ሲነሳ «ጧ» ብሎ በራሱ ወደ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የወረደ ወንበር አይኖርም።

ሊኖር አይችልም።

በነጋታው ታናሽ እህቴ ትመረቃለች። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በውጤቷ ብልጫ ከፊት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ያለው ወንበር ተሰጥቷታል። ስሟን የለጠፍኩበት በገዛ እጄ ነው።

የመድረኩ አስተባባሪ ግን ዓይኔን ማየት አትወድም። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ሽቦ» ነው የምትለኝ።

ያን ቀን እሷ ከኋላ በሩ ጋ ቆማ፣ እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ማይክራፎኑን እንፈትሽ ነበር። ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

«አንድ... ሁለት... አንድ... ሁለት...»

«መቁጠር መቻልህን አይደለም የጠየቅኩህ» አለች። «ፕሬዚዳንቱ የሚሉትን በል።»

ባዶ አዳራሽ ላይ እንቆጥራለን እንጂ የሥነ ሥርዓቱን ቃል አንጠራም። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አጥብቀው የከለከሉኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ።

«ቁጥሩ ይበቃል እኮ።»

«ሽቦ... ነገ እህትህን ከውስጥ ሆነህ ነው ማየት የምትፈልገው ወይስ ከአጥር ውጭ?»

ዋጥ አደረግሁት። ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አልኩ።

«ተመራቂዎች... ተነሱ።»

ጧ።

አንድ ወንበር ታጠፈ። ከኋላ፣ እሷ ካለችበት አጠገብ።

«ተቀምጠሽ ነበር እንዴ?»

«ቆሜ እያየኸኝ ታሾፍብኛለህ? ቀጥል።»

ምላሴ ደርቋል። ቢሆንም ቀጠልኩ።

«ተቀመጡ።»

የዚህኛው ድምፅ ከኋላ አልመጣም። ከፊቴ፣ ከመድረኩ ሥር ነው የመጣው... ከባድ ሰው ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ሞላ የሚያሰማው ሲጥታ።

ሦስተኛው ረድፍ። መተላለፊያው ዳር።

የእህቴ ወንበር ወርዷል።

ከመድረኩ ወርጄ መቀመጫውን በሁለት እጄ ወደ ላይ ሳብኩት። አልነቃነቅ አለኝ። ጨርቁ መሀል ለመሀል ሰርጎድ ብሏል። ይበልጥ ጎንበስ ስል ጉንጬን ትንፋሽ ነካኝ።

ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን ትጎረጉራለህ እዚያ?»

«ወንበሩ አልታጠፍ አለ።»

«ሞላው ላልቶ ነዋ።»

ሞላው የላላ ወንበር ወርዶ ይቀራል እንጂ አይከብድም። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ... በእኔ ቃል ከተቀመጠ፣ በእኔ ቃል መነሳት አለበት። ወደ መድረኩ ሮጥኩ።

«ተመራ...»

ማይክራፎኑ ሞተ። ቀና ስል እጇ በሩ አጠገብ ካለው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነበር።

«ይበቃል። አዳራሹ ሊቆለፍ ነው።»

«አንዲት ቃል ብቻ... እባክሽ።»

«የነገውን ለፕሬዚዳንቱ ተውላቸው። ውጣ።»

«ተመራቂዎች ተነሱ» ብዬ በባዶ ጉሮሮዬ ጮህኩ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

እሷ ግን ሳቀች። ያን ዕለት የሳቀችልኝ ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ቆለፈችው።

ቤት ስደርስ እህቴ ካባዋን እየተኮሰች ነበር።

«ነገ ሌላ ቦታ ተቀመጪ» አልኳት።

ካውያውን አቆመችው።

«ጋሼ፣ ለዚያ ወንበር እኮ ነው ስንት ዓመት ዓይኔ የቀላው። ማን ወሰደብኝ?»

ማን እንደወሰደባት አላውቅም።

«ማንም» አልኳት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ተመራቂዎቹ ገብተው እያንዳንዳቸው ከየወንበራቸው ፊት ቆሙ። እኔ ከላይ፣ ሰገነቱ ላይ፣ መሣሪያዬ ጋ ነኝ። እዚያ ድምፅ መዝጊያ እንጂ ለአዳራሹ መናገሪያ የለም። ጆሮዬ ላይ በሰካሁት ማዳመጫ ግን መድረኩ ጥግ ከቆመችው አስተባባሪ ጋር እንነጋገራለን።

ቁልቁል አየሁ።

ከቆሙት ልጆች ኋላ መቀመጫው ሁሉ ታጥፏል።

ከአንዱ በቀር።

«ተነሱ በዪልኝ» ብዬ አንሾካሾክሁላት።

«ቆመው የለም እንዴ ሽቦ? አብደሃል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ... በማይክራፎኑ...»

«አፍህን ዝጋ።»

ፕሬዚዳንቱ ወደ ማይክራፎኑ ቀረቡ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ከንፈራቸው ሳይላቀቅ ድምፁን ዘጋሁት።

አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታየ። ማንም አልሰማም። ማንም አልተቀመጠም። ያ ሁሉ ሰው እንደቆመ አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ድምፁን መልስ» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ። «መልስ ነው የምልህ። ዛሬውኑ ነው ከዚህ የምትባረረው።»

ታባረኝ። እህቴ እስካልተቀመጠች ድረስ እዚያው ቆመን ይምሽብን።

እጄን ከመዝጊያው ላይ አላነሳሁም...

ድምፅ ማጉያዎቹ ግን ተናገሩ። የዘጋኋቸው ማጉያዎች።

ፕሬዚዳንቱ አልነበሩም። የእኔ ድምፅ ነበር። የትናንቱ... ምላሴ እንደደረቀ።

«ተቀመጡ።»

ሁሉም ተቀመጠ። እህቴም ካባዋን ከኋላ ሰብስባ ተቀመጠች።

በረድፉ ያሉት ቆቦች ሁሉ እኩል ሆኑ። የእሷ ብቻ ከጎረቤቶቿ ከፍ ብሎ ቀረ...

ሰው ጭን ላይ እንደተቀመጠ ልጅ።

አንገቷን ወደ ኋላ መለሰች። በትሕትና «ይቅርታ» ስትል ከንፈሯን አነበብኩ።

ከዚያ ልትነሳ ሞከረች።