በማንግሮቩ ውስጥ የጠራ ሰው

ሐሙስ ፀሐይ ስትወጣ ሴልሚራ ታንኳዋን ፈትታ፣ ስድስት ጥንድ አዲስ ጓንት በከረጢት ይዛ፣ ወንዙ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር። ከምታስተምራቸው ልጆች ስድስቱ ችግኝ ልንለቅም አብረንሽ እንሄዳለን ብለው ምለውላት ነበር። የመጣው ግን አንድ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም የዓሣ አንጀት ፍለጋ።

በመጨረሻ ከስድስቱ አንዷ፣ ናዬሊ፣ በቤቷ መስኮት ብቅ አለች።

«አክስቴ፣ እኛ ቀርተናል! ኳስ አለብን!»

«ኳሱ ከሰዓት ነው አላላችሁኝም?»

«ልምምድ አለ!»

«እውነታችሁን ነው፤ እግራችሁ ጭቃ ነክቶ ቢበላሽስ!»

ናዬሊ ሳቀች፣ መስኮቱም ተዘጋ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ልጆች ባለቤቶቹ ጥለውት በሄዱት፣ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት ይረባበት በነበረ ኩሬ ላይ፣ ማንግሮቭ የተባለውን በባሕር ዳር ጭቃ የሚበቅል ዛፍ ሊተክሉ ነው። ባለፈው ዓመት ሴልሚራ ቸኩላ ያልበሰለ ችግኝ አምጥታ፣ የተከሉት አራት መቶ ችግኝ በወሩ ደረቀ። ልጆቹም ቦታውን «የአክስቴ መቃብር» አሉት። ዳይሬክተሩ ዘንድሮም ችግኙ ካልያዘ ለልጆቹ የምትሰጠው የማንግሮቭ ትምህርት እንደሚቀር ቁርጡን ነግረዋታል። ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም ከተማ ከገቡ ወዲህ ደግሞ ሴልሚራን ሰው ዘንድ የሚያደርሳት ይህ ትምህርት ብቻ ነበር።

የበሰለ ችግኝ ያለው ወንዙ ባሕር ከሚገባበት አፍ አጠገብ ባሉት የጥንት ዛፎች ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ብቻውን ማንግሮቭ የሚገባ የለም። የሚበላ ዛጎል ከጭቃው የሚለቅሙት ሴቶች ሥሩ መሐል ሲበታተኑ ስለማይተያዩ ይጣራሉ። አንዷ «ኡይ-ኡይ-ሆ!» ትላለች፤ የሰማ «ሆ-ኡይ!» ብሎ ይመልሳል። የተጣላሽው ሰው ቢሆን እንኳ ትመልሺለታለሽ፣ ጠቡን በኋላ ትቀጥያለሽ። ሰምቶ ዝም ማለት ትልቅ ነውር ነው። ሴልሚራ ይህን ጥሪ ለልጆች ማስተማር ካቆመች ቆይታለች። እየሳቁባት አስቸገሯት።

«እንግዲህ ብቻዬን ነኝ» አለች ለውሻው፤ መቅዘፊያዋን ውሃ ውስጥ ሰደደች።

ሰፊው ወንዝ ላይ ስትደርስ ዝናቡ ያዛት። ነፋሱ ታንኳዋን በጎን መታት፣ ማዕበሉ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። በአንድ እጇ እየቀዘፈች በሌላው ውሃውን በቅል ቀዳች፤ ነፋሱንም ሰደበችው፣ ቀዘፈችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ልጅ ውሃውን እየቀዳ «እንሰጥማለን!» ብሎ ይጮህ፣ እሷም «ዝም ብለህ ቅዳ!» ትለው ነበር። አሁን የምትቆጣው ሰው አጣች፣ ይህም ከዝናቡ ይልቅ ከበዳት።

ረፋዱ ላይ፣ ባሕሩ በየዕለቱ እንደሚያደርገው ሲሸሽና የወንዙ ውሃ ሲጎድል፣ ከጥንቶቹ ዛፎች ሥር ደረሰች። ሥሮቹ ከሰው ቁመት በላይ ቅስት ሠርተው ጭቃው ውስጥ ተተክለዋል። ትንኙ ጆሮዋ ላይ ሲንጫጫ የኮኮናት ገለባ ለኩሳ ጭሱን አጠገቧ ሰቀለችና ሥሩን ረግጣ ወጣች። ማንግሮቭ ዘሩን እናቱ ላይ እያለ ነው የሚያበቅለው፤ ረጅምና አረንጓዴ ሆኖ ከቅርንጫፉ ይንጠለጠላል። አንገቱ ቢጫ የሆነው በስሎአል፣ ነካ ሲያደርጉት እጅ ላይ ይወድቃል። እንቢ ያለውን ተወችው። አምና ጎትታ የቀነጠሰችው እንዲህ እንቢ ያለውን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ታንኳዋ በችግኝ ሞላች። ልትሄድ ስትል ሥሩ አጠገብ አንዲት ቀዳዳ አየች። አርባ ዓመት ዛጎል የለቀመች ሴት ቀዳዳ አይታ ማለፍ አትችልም፤ እጅ ራሱ ይገባል። ስድስት ጥንድ ጓንት ታንኳዋ ውስጥ ተቀምጧል። እሷ ግን «የልጆቹ ነው» ብላ አንዱንም አላጠለቀችም። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፤ ዛጎል የመሰላት ነገርም ነደፋት።

እንቁራሪት ዓሣ ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ተደብቆ በጀርባው መርዛም እሾህ የሚወጋ። ሴልሚራ ጮኸች። እጇ ወዲያው ያብጥ ጀመር፣ ሕመሙም እስከ ብብቷ ወጣ። ጨርቅ ቀድዳ አሰረችው። «የዕድሜ ልክ ለቃሚ! ልጆቹ ባዩሽ!» አለች። ልጆቹ ግን አላዩአትም። ያኔ አለቀሰች።

ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ውሃው ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ ስለሚገፋት በአንድ እጅ መመለስ አላቃታትም። አጭሩ መንገድ አንድ ኩባንያ ዛሬም ሽሪምፕ በሚያረባባቸው ሌሎች ኩሬዎች ግድብ ሥር የሚያልፈው ቦይ ነው። እዚያ ስትደርስ ሁለት ውሾች ከግድቡ ላይ ዘለሉ፣ ከኋላቸውም ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ብቅ አለ።

«ተመለሺ! የኩባንያው... አክስቴ?»

ዊልመር ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት መጀመሪያ ያስተማረችው ልጅ፤ ዛሬ ደን መንጥሮ ኩሬ ለሚቆፍረው ኩባንያ ዘበኛ ሆኗል። ከተቀጠረ ወዲህ የመንደሩ ሰው ሰላምታ ከልክሎታል፤ ከሁሉ በፊት የከለከለችውም እሷ ነበረች።

«በቦዩ ልለፍ» አለችው።

«አይቻልም፣ አክስቴ። አለቃው ጎጆው ውስጥ ነው፤ ካየኝ ነገ ሥራ የለኝም። ቆዪ፣ ገብቼ ልለምንልሽ።»

«እነሱን? ለእኔ? ዞር በል!»

«እጅሽ ምን ሆነ?»

ሴልሚራ እጇን ችግኙ ሥር ሸጎጠች።

«እጄ ደህና ነው። አንተ ውሾችህን ጠብቅ።»

ታንኳዋን አዙራ በዙሪያው መንገድ ገባች። ኩራት ራት አይሆንም ይባላል፤ የዚያን ቀን ሴልሚራ የበላችው ግን እሱን ብቻ ነበር።

የዙሪያው መንገድ መቶ ቦይ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ዝናቡ ወደ ጉም ተለወጠ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ግንድ የመሰላት ነገር ዓይኑን ገለጠ፤ አዞ ነው። መቅዘፊያዋን አንሥታ ትንፋሿን ያዘች። አዞው በታንኳዋ ሥር አለፈ፤ የጀርባው ጉብታ ወለሉን ሲፍቀው በእግሯ መዳፍ ተሰማት። ከዚያ በኋላ በየት እንደመጣች ጠፋት።

ውሃው ሞልቶ ቆመ፣ ቀጥሎም ወደ ባሕር ይጎድል ጀመር። አሁን እያንዳንዱ ቦይ የሚጎትታት ወደ ወንዙ አፍ ነው፤ እዚያ ማዕበሉ ታንኳ ይሰብራል። በደህናው እጇ አንድ ሥር ጨብጣ ያዘች። ከለቀቀች ባሕር ይወስዳታል፣ ካለቀቀች መቅዘፍ አትችልም። ክንዷ መዛል ጀመረ።

«ኡይ-ኡይ-ሆ!»

ምንም የለም። የሚሰማት ሸርጣኖች ሥሩን ሲቧጥጡ ብቻ ነው። ማን ይመልሳል? ጥሪውን ከሚያውቁት አሮጊቶች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የአሁኖቹን ልጆች ደግሞ እሷው አላስተማረችም። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው፣ አለች በልቧ፤ የሚመልስለት ሲያጣ።

አንዴ ደግማ ጠራች።

«ሆ-ኡይ!»

ሩቅ ነው፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ። መልሳ ጠራች፤ መለሰ። ያን ጊዜ ሥሩን ለቀቀች። መቅዘፊያውን ብብቷ ሥር አጣብቃ፣ ባበጠው እጇ እየጮኸች ገፋች። አቅጣጫዋ ሲጠፋት ትጠራለች፤ ድምፁ ይመልሳል፣ ሁሌም ትንሽ ወደፊት ሆኖ። ከድምፁ ጋር የውሾች ጩኸት ስትሰማ ማን እንደሆነ አወቀች። ዊልመር ጥበቃውን ጥሎ በግድቡ ላይ እየሮጠ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ የመንደሩን ቆርቆሮዎች አየች። ድምፁም ቆመ፤ ዘወር ብላ ብታይ ግድቡ ላይ ማንም አልነበረም።

ቅዳሜ ልጆቹ ኩሬው ዳር ተሰበሰቡ። ሴልሚራ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ጓንቶቹን አደለች፤ ከዚያ ወዲህ ለራሷ ከገዛችው ሰባተኛ ጥንድም አንዱን ደህናው እጇ ላይ አጠለቀች። ችግኙን ግን ገና አልነካችም።

«መጀመሪያ ጥሪ ትማራላችሁ። ችግኙ በኋላ።»

«የአሮጊቶቹን ጩኸት?» አለች ናዬሊ፤ ልጆቹ ሳቁ።

«አዎ፣ እሱን። ሐሙስ ዕለት እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምትተክሉት እኔን ነበር።»

ናዬሊ መሬት መሬት አየች፣ ከዚያ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ኡይ-ኡይ-ሆ!»

ከማዶ፣ ከኩባንያው ግድብ በኩል፣ ድምፅ መጣ።

«ሆ-ኡይ!»

«አክስቴ! ማነው?»

«የመጀመሪያው ተማሪዬ ነው» አለች ሴልሚራ።

ድምፁ አሁን ራሱ ጠሪ ሆኖ ተሰማ። «ኡይ-ኡይ-ሆ!» ልጆቹ ዞረው እሷን አዩአት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «መልሱለት እንጂ! እዚያ ማዶ ብቻውን ነው።»