ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ወንበር

የቫልቴሬሊ ልዑላን ሥዕሎች በአንድ ተርታ ቢደረደሩ ከሮም ተነስተው ባሕር ይገባሉ። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ከቤተሰቡና ከአቧራው በቀር ያያቸው የለም። ጣራው ግን በመቶ ቦታ ማፍሰስ ጀመረና፣ ልዑል አስካኒዮ ቤታቸውን በክፍያ ለሕዝብ ሊከፍቱ ቆረጡ።

ሥዕሎቹን የሚሰቅለው ከቶሪኖ የመጣው ኔቪዮ ነበር። የልዑሉ ልጅ ኦርሶላ ዝርዝሩን ይዛ መሰላሉ ሥር ትቆማለች። ሦስት ወር ሙሉ እሱ «ወደ ግራ?» ሲል፣ እሷ «ትንሽ» ስትል፣ የዓለም ፍቅረኞች ሁሉ ተደምረው ያልተያዩትን ያህል ተያዩ። የተናገረ ግን አልነበረም።

በመክፈቻው ዋዜማ ጉድ ፈላ። በትልቁ አዳራሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ባለቀይ ከፋይ ወንበር አለ። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ድንገት ብቅ ቢሉ እንዲቀመጡበት ነው፤ እስኪመጡ ሌላ ሰው እንዳይደፍረው ዞሮ ይቆያል። ኔቪዮ ይህን ከየት ይወቅ? የጽዳት ሠራተኛ ረስቶት መስሎት አቃናው። ደክሞት ስለነበር ተቀመጠበት፤ ዳቦውንም አወጣ።

ልዑሉ ሲገቡ አፉ ሙሉ ነበር። ጩኸታቸው ከወንዙ ማዶ ያሉትን ርግቦች አስነሳ። ይቅርታ ቢጠይቅም የሰማው የለም፤ ዳግመኛ እዚህ ደጅ እንዳይታይ ተነግሮት ወጣ። ኦርሶላ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ያ ዝምታ ነው የበላት። መቀመጥ እሾህ፣ መቆም ፍም ሆነባት። ስልኩን አሥር ጊዜ ሞከረች፤ ዝግ ነው። ወደ ቶሪኖ ከሄደ አበቃ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጎብኚዎች ሰልፍ ግማሽ ሮምን ዘግቷል። ኦርሶላ ከአባቷ ጎን ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። በሩ ተከፈተ። ከሁሉ ፊት የቆመው ኔቪዮ ነበር፤ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ቲኬቱን እንደ ኳስ ዳኛ ካርድ ከፍ አድርጎ።

ልዑሉ ጥርሳቸውን ነክሰው «አላባረርኩህም?» አሉት።

«ያባረሩት ሠራተኛውን ነው፣ ጌታዬ። አሁን ሕዝብ ነኝ።»

የመጀመሪያውን ጎብኚ የሚቀርጽ ካሜራ ስለተደቀነባቸው እጃቸውን ዘረጉለት። ሮም ከተቆረቆረች ጀምሮ እንደዚያ የመረረ መጨባበጥ አልታየም።

ኔቪዮ ወደ ኦርሶላ ዞረ። ጠበቃት።

«አባዬ» አለች፣ «ትናንት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። እወደዋለሁ። እሱ ከሄደ አብሬው ነው የምሄደው።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ያየናል» አሉ ልዑሉ።

«ይየን። ለመታየት አይደል እንዴ የከፈትነው?»

ልዑሉ ሰልፉን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አሉ። ኦርሶላ የኔቪዮን እጅ ይዛ ገባች። ስለ መጀመሪያው ሥዕል ታስረዳው ጀመረች።

«በየቀኑ እመጣለሁ» አላት በሹክሹክታ። «ግን ሰኞ ዝግ ናችሁ።»

«ሰኞ እኔ እመጣለሁ።»