ሐረና ጉም ሲወርድ

ፍሬሕይወትና ሶስና አገር መዞር የጀመሩት በባዶ ኪስ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የዝዋይን ደሴቶች በዓሣ አጥማጅ ጀልባ አዳርሰዋል፤ ባሌ የገቡትም አይሱዙ ላይ ከጭነቱ ጋር ተሳፍረው ነው። ያላቸው አንድ ድንኳንና አንድ ድስት ነበር። ርካሹን መኪና የምታፈላልገው፣ ከባለጀልባው ጋር የምትከራከረው፣ ድንኳኑን የምትተክለው ፍሬሕይወት ናት። ፎቶ የምታነሳውም እሷው ናት። ኢንተርኔት ላይ በሚለጠፈው ፎቶ የምትታየው ግን ሶስና ነች፤ «አንቺ ጀግና!» የሚለው ሕዝብም የሚጽፈው ለሶስና ነው።

ሐረና ጫካ በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ በልተው ሲጨርሱ፣ ሶስና ጠዋት ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ የደረሳትን መልእክት ነገረቻት።

«አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሙሉ ወጪ ችሎ ዛንዚባር ሊወስደኝ ነው።»

«ሁለታችንንም?»

«እኔን ብቻ ነው ያሉት፣ ፍሬዬ። ምን ላድርግ?»

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች ፍሬሕይወት። አፏ እሬት እሬት አላት።

መንገድ መሪያቸው ኦቦ ቃሲም፣ የሪራ መንደር ሽማግሌ፣ ፈረሳቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወርደው ነበር። ጉሙ የመጣው ያኔ ነው። ከዛፎቹ አናት ቀስ እያለ ወረደ፤ ከቅርንጫፍ የተንዠረገገውን የዛፍ ሽበት ዋጠ፤ የወፎቹን ድምፅ አንድ በአንድ አጠፋና የውሃ ጠብታ ብቻ ቀረ። ሶስና ከድንኳኑ ማዶ ያለው ገደል ሳይሸፈን ላንሳው ብላ ካሜራውን ይዛ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ድንጋይ ሲንኮታኮት ተሰማ።

«ፍሬ! የዛፍ ሥር ይዣለሁ… ድረሽልኝ!»

ፍሬሕይወት ሮጣ ከአፋፉ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች። የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ግን «ብቻዋን የተጋበዘች ብቻዋን ትውጣ» የሚል ሐሳብ መጣባትና አፏን መልሳ ዘጋች። ሶስና ከገደሉ ጠራቻት፤ ደግማ ጠራቻት። ፍሬሕይወት ፊቷን አዙራ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ሶስና ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስራለች።

«የት ቆየሽ?» አለቻት።

ልብሷ ላይ አንዲት የጭጋግ ጠብታ የለም። ቀዝቃዛው አየር ውስጥ የፍሬሕይወት ትንፋሽ እንደ ጢስ ሲወጣ፣ ከሶስና አፍ ምንም አይወጣም። ከሰውነቷ ያ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ክሩን አስራ ጨረሰችና ፈታችው፤ እንደገና ማሰር ጀመረች።

«አስቤበት ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ዛንዚባር አንቺ ሂጂ። ሁሉም ያንቺ ልፋት ነው። እኔ ማን ነኝ?»

አራት ዓመት ሙሉ ፍሬሕይወት የጠበቀችው ይህን ቃል ነበር። ደረቷ ውስጥ የከረመው እሳት ረገበላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚያው ቅጽበት ከገደሉ፣ ደከም ብሎ፣ «ፍሬ…» የሚል ድምፅ መጣ።

«የሚጠራሽ አለ እንዴ?» አለች ክር የምታስረዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

ፍሬሕይወት ፊቷን አየችው። ሁሉ ነገሩ የሶስና ነው፤ ዓይኖቿ ብቻ አይርገበገቡም።

«የለም» አለቻት። «ነፋስ ነው።»

ኦቦ ቃሲም ፈረሱን እየሳቡ መጡ። ጉሙ ሳይብስ ቶሎ እንውረድ ብለው ዕቃውን ጫኑ፤ ከፊት ሆነው መሩ። ፍሬሕይወት መሐል ነበረች። ከኋላዋ የምትከተላት የእግር ኮቴ የላትም። መንገዱ አፋፉን ታክኮ ሲጠመዘዝ አንድ ቀዝቃዛ መዳፍ፣ በፍቅር እንደሚነካ ሰው፣ ትከሻዋ ላይ አረፈና ገፋት።

ብዙ አልወደቀችም። ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ አረፈች፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። አጠገቧ እውነተኛዋ ሶስና ጭቃ ውስጥ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተከፍቶ ቀርቷል። ፍሬሕይወት ልትጮህ ስትሞክር ከጉሮሮዋ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከላይ የፈረሱ ኮቴ ቆመ።

«ልጆቼ፣ ሁለታችሁም አላችሁ?» አሉ ኦቦ ቃሲም።

«አለን አባባ፤ እንሂድ» ብሎ ከላይ፣ ከኋላቸው የመለሰላቸው የፍሬሕይወት የገዛ ድምፅ ነበር።